ለመጥረግ የሚመች የእንፋሎት ማቀዝቀዣ እንዴት እንደሠራሁ

የባሕር ዛፍ ዘይት በእንፋሎት ስናወጣ፣ በውሃ በርሜል የተነከረው ጥምዝ የመዳብ ቱቦ ውሎ አድሮ እንፋሎቱን በሙሉ ወደ ፈሳሽ መለወጥ ተሳነው፤ ዘይቱም ከትኩሱ እንፋሎት ጋር ይባክን ጀመር። ምክንያቱ ውሃው ሲሞቅ በቱቦው ላይ የሚጋገረውና ሙቀት እንዳያልፍ የሚያግደው የካልሲየም ካርቦኔት (የኖራ ድንጋይ ዓይነት) ቅርፊት ሲሆን፣ በጥምዞቹ መካከል ብሩሽ ስለማይገባ ሊጸዳ አልቻለም።

ስለዚህ አሠራሩን ገለበጥሁት፦ ቅርፊት የሚተወው ውሃ በትልቅ ቧንቧ ውስጥ በተደረደሩ ቀጥ ያሉ ቱቦዎች እንዲያልፍ፣ ንጹሑ እንፋሎት ደግሞ በቱቦዎቹ ውጭ እንዲቀዘቅዝ አደረግሁ። የሁለቱ ጫፎች ክዳኖች በቡሎን ስለሚፈቱ ረጅም ብሩሽ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል፤ ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

በመጀመሪያ የዘነጋሁት የአየር ማስወጫውን ነበር። በትልቁ ቧንቧ ውስጥ ታፍኖ የቀረ አየር ቱቦዎቹን ሸፍኖ እንፋሎቱን ስለሚከለክል፣ ከእንፋሎቱ መግቢያ በራቀው ጫፍ ላይ ቀዳዳ ከፈትሁ፤ ፈሳሹ እንዳይተኛም ትልቁን ቧንቧ ወደ መውጫው ጥቂት አዘነበልሁት።