የእንግሊዝን «ሚድል ክላስ» ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ነገሩ የሚበላሸው ገና ከትርጉሙ ነው መሰለኝ፣ እኛ ሚድል ክላስ ሲባል «መካከለኛ ገቢ» ብለን እንገላገላለን፣ እንግሊዝ አገር ግን የማን ልጅ ነህ፣ የት ተማርክ፣ አነጋገርህ እንዴት ነው፣ እራትህን ምን ብለህ ትጠራለህ የሚለው ሁሉ ይቆጠርብሃል።

ስለዚህ አንደኛው ስህተት በደሞዝ መለካት ነው። የባቡር ሹፌር በዓመት ከ60 ሺህ ፓውንድ በላይ ያገኛል፣ በ2024 ከለንደን ውጪ ስራ የጀመረ አስተማሪ ደግሞ 31,650 ነበር መነሻው፣ ግማሹ በለው። ግን ሰው ብትጠይቅ ሚድል ክላስ የሚሉህ አስተማሪውን ነው፣ ሹፌሩማ እንደዛ ብትለው ቅር ሁሉ ሊለው ይችላል።

ሁለተኛ፣ «ሚድል» ስለተባለ ልክ መሀል ያለ ሰው ይመስለናል። ድሮ ከላይ መሬትና ማዕረግ የወረሰ ባላባት፣ ከታች በጉልበቱ የሚያድር ሰራተኛ ነበረ፣ ነጋዴው ሀኪሙ ጠበቃው መሀል ቀረ፣ ስሙ ከዛ ነው። ለዛ ነው ኬት ሚድልተን በ2011 ልዑል ዊሊያምን ስታገባ ቤተሰቦቿ የድግስ ዕቃ ነግደው ሚሊየነር ሆነው እንኳ ጋዜጦቹ «የሚድል ክላስ ልጅ» ሲሏት የነበረው። ሀብታም ናቸው፣ ባላባት አይደሉም፣ አለቀ። የአሜሪካኖቹን አነጋገር እዚህ ካመጣኸው ደግሞ ጭራሽ ይምታታብሃል፣ እነሱ የፋብሪካ ሰራተኛውንም ሚድል ክላስ ይሉታል።

ሰው ስለራሱ ያለውን እንዳለ መቀበልም አያዋጣም። በ2023 በወጣው የኳስ ተጫዋቹ ቤካም ዶክመንታሪ ላይ ሚስቱ ቪክቶሪያ እኛ እኮ ወርኪንግ ክላስ (ያ የታችኛው፣ የሰራተኛው መደብ) ነበርን ስትል ባሏ በር ላይ ብቅ ብሎ አባትሽ ትምህርት ቤት በምን መኪና ነበር የሚያደርስሽ እያለ አፋጠጣት፣ ተንደፋድፋ ተንደፋድፋ በመጨረሻ «ሮልስ ሮይስ» 😂 እሷ ብቻ እንዳይመስልህ፣ በ2016 በወጣ ትልቅ ጥናት 60 ፐርሰንቱ ህዝብ ራሱን ወርኪንግ ክላስ ብሏል፣ ማናጀርና ባለሙያ ከሆኑትም ግማሽ የሚጠጋው። እኛ ድህነታችንን እንደብቃለን እነሱ ምቾታቸውን ይደብቃሉ።

«ፐብሊክ ስኩል» ደግሞ እንደ ስሙ የመንግስት ትምህርት ቤት አይደለም ሃሃ፣ እንደ ኢተን ያሉት ውድ የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው።

የቃላቱ ጉዳይ ግን ጉድ ነው። አዋቂ መስሎ ለመታየት ከበድ ያለ ቃል መምረጥ እዛ ያጋልጥሃል። በ1954 አላን ሮስ የሚባል የቋንቋ ፕሮፌሰር ይህንን ነገር ጽፎት ነበር፣ የገበታ መሃረቡን ላይኛው ክፍል «ናፕኪን» ሲል ሌላው «ሰርቪየት» ይላል፣ ያልሰሙትን ለማስደገም «ፓርደን» ማለትም ለመሰልጠን የሚታገል ሰው ምልክት ነው፣ ላይኞቹ ቀጥ አድርገው «ዋት?» ነው የሚሉት። እኛን ደግሞ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን «ዋት ባለጌ ነው፣ ፓርደን በሉ» ብሎ ስንት ጊዜ ቆጥቶናል!

«ቲ»ንም እወቃት። ሰሜን እንግሊዝ የወርኪንግ ክላስ ቤት «ለቲ ና» ካሉህ እራት ነው፣ እኔ ሊድስ ውስጥ ሻይ መስሎኝ ቤቴ እንጀራዬን ጥግብ ብዬ በልቼ ሄድኩ፣ ቁጭ ስል ቋሊማ በድንች አንድ ሳህን ሙሉ መጣ። እንቢ ማለት ነውር ነው ብዬ ጨረስኩት፣ ሴትዮዋ ርቦት ነው የመጣው ብላ ጨመረችልኝ።