የወል ግጦሽን የሚያበላሹ ስህተቶች

የግጦሽ መሬት ሲራቆት ዝናቡን እንረግማለን። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው "መቼ ለከብት ከፈታችሁት?" ብዬ ነው።

ሣሩ ስላማረ መክፈት

መስከረም ላይ ጨፌው ለምልሞ ሲያዩት ያስጎመጃል። ሣሩ ግን ገና ዘር አልጣለም። አንዱ ጥጃውን "ለአፍታ" ያስገባል። ጎረቤቱ አይቶ በሬዎቹን ይነዳል። ሳምንት ሳይሞላ የመንደሩ ከብት በሙሉ እዚያው ነው፤ ጥር ላይ ደግሞ ሁሉም ጭድ ሊገዛ ገበያ ይወጣል።

መንዞች ይህን ድሮ ነው ያወቁት። ጓሳ የተባለውን የወል ሣር መሬታቸውን ቄሮ በሚሉት የጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁ፣ አንዳንዴ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። የሚከፍቱትም ሣሩ ሲደርስና በጋው ሲጠና ነበር። በቅድሚያ ይታጨድ ነበር፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ። ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነበር። ዛሬ ሦስት ዓመት ዝጉ ብል ማን ይሰማኛል? ዘር እስኪጥል መታገስ ግን ያን ያህል ከባድ አይደለም።

በክረምት መረሬ ላይ መልቀቅ

የራሰ ጥቁር አፈር ኮቴ አይችልም። ሣሩ ከነሥሩ ይነቀላል፤ ኮቴው የቆፈረው ጉድጓድ ውኃ ያቁራል። ረግረግ ውስጥ ደግሞ የጉበት ትል አለ። ትሉ በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ሣር ላይ ይለጠፍና ወደ ከብቱ ይገባል። "ላሜ ሣር እየጋጠች ከሳች" የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ የት እንዳዋላት ይጠየቅ።

ድንበሩን ለሽማግሌ ትዝታ መተው

አዋሳኙ ገበሬ በየዓመቱ አንድ ትልም ብቻ ይገፋል። ለአንድ ትልም ማን ይጣላል? አሥር ዓመት ሲሞላ ግን እርሻ ሆኖ ያገኙታል። ሽማግሌዎቹ በሕይወት እያሉ የድንበር ድንጋይ ትከሉ። የወል ይዞታ ማረጋገጫም በመንደሩ ስም አውጡ።

የማይከፈል ቅጣት መጻፍ

እኛ ሰፈር አንድ ጊዜ ሰው የሚያስደነግጥ ቅጣት ተጻፈ። የመጀመሪያው ጥፋተኛ የጥበቃ ተረኛው አማች ሆነ። ነገሩ በዚያው ቀረ፤ ሕጉም አብሮ ቀረ። ቅጣቱ ቀላል ይሁን፣ ግን ዕለቱን ይከፈል። ከብቱ እስኪከፈልበት ታስሮ ይዋል። የኮሚቴው ሊቀመንበር ከብት ከሆነማ ሰው ሁሉ እያየ ይታሰር።

ከብት የሌለውን መርሳት

ይሄኛው ነው የሚያናድደኝ። ስብሰባ ላይ የሚናገረው ሃያ ከብት ያለው ነው። አንዲት ላም ያላት ባልቴትም፣ ምንም የሌለው ወጣትም ተረኛ ሆነው ይጠብቃሉ፤ ሲከፈት ግን የሚበላው የባለ ሃያው መንጋ ነው። ይህን የሚያስተካክለው አጨዳ ነው። ሣሩ በአባወራና በእማወራ ቁጥር ተመትሮ በዕጣ ይከፈል። ላም የሌላት ድርሻዋን ትሸጣለች።

ጓሳም ይህ ችግር ነበረበት። መብቱ መሬቱን መጀመሪያ ላቀኑት አባቶች ዘሮች ብቻ ነበር፤ ሌላው ዳር ቆሞ ያያል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቆየውን መብት ሲሽር ቄሮም ፈረሰ፤ ጓሳም ለሁሉም ክፍት ሆነ። ኋላ ነዋሪው እንደገና ተደራጅቶ መጠበቅ ጀመረ። እናንተም መንደር በሌሊት ከብት የሚያስገባው ማን እንደሆነ ስትፈልጉ፣ ከዕጣው ማን እንደቀረ አብራችሁ እዩ።