ከምርምር ማዕከል የመጣን ምክር የሚያበላሹ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ ስለ ግብርና ምርምር ከተነሳ መጀመሪያ የሚጠራው የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ይልማና ዴንሳ ወረዳ ውስጥ ይገኛል። ወሬው ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ከአዴት የመጣ ነው» ከተባለ ዓይኑን ጨፍኖ ይዘራል። ሌላው «እነሱ የሚያርሱት በወረቀት ነው» ብሎ ያልፋል። እንደኔ ሁለቱም ምክሩን እስከ መጨረሻው አልሰሙትም።

ማዕከሉን የዘር ሱቅ ማድረግ

አዴት የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት አካል ነው። በአገር ደረጃ ያለው፣ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሌላ ነው። ሁለቱ አብረው ይሠራሉ፤ ዋና ሥራቸው ግን ዝርያና አሠራር ማውጣት ነው። እነሱ መነሻ ዘር ያወጣሉ፣ የዘር ድርጅቶችና የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ያባዛሉ። አምስት ኩንታል ምርጥ ዘር ፈልጎ ማዕከሉ በር ላይ መሰለፍ የትራንስፖርት ኪሳራ ነው።

አፈርን ከአንድ ጉድጓድ ዝቆ ማምጣት

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ለምርመራ የሚሄደው የአፈር ናሙና ከተበላሸ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሻልና። ሰው ማሳው ጫፍ ላይ ይቆማል፣ አንድ አካፋ ያነሳል፣ በባዶ የዩሪያ ከረጢት ይቋጥራል። ከረጢቱ ውስጥ የቀረው ዩሪያ ብቻውን ውጤቱን ያዛባል። ጫፉ ደግሞ ከብት የሚያልፍበት፣ አመድ የሚደፋበት፣ የባሕር ዛፍ ሥር የሚደርስበት ቦታ ነው።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ማሳውን እየተጠማዘዙ ማቋረጥ፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቦታ መቆፈር። ጥልቀቱ ማረሻ የሚደርስበት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሁሉንም በንጹሕ ባልዲ ማደባለቅና ከድብልቁ አንድ ኪሎ ያህል ወስዶ በጥላ ማድረቅ። ፍግ የተከመረበትን፣ የዛፍ ሥርንና መንገድ ዳርን መዝለል። ዳገቱና ሜዳው አፈራቸው ከተለያየ ሁለት ናሙና ይውሰዱ፤ ቀዩን ከጥቁሩ ጋር አይቀላቅሉ።

ኖራን እንደ ማዳበሪያ መቁጠር

አዊና ምዕራብ ጎጃም ዝናቡ ብዙ ነው። ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያጠበ ስለወሰደው ቀዩ አፈር አሲዳማ ሆኗል። አሲዱ ሲበዛ አልሙኒየም ይሟሟና ሥርን ያሳጥራል፣ ፎስፈረሱም ይታሰራል። ገበሬው ማዳበሪያ ገዝቶ ይጨምራል፣ ሰብሉ ግን አይጠቀምበትም። ኖራ ይህን እስር ይፈታል እንጂ ራሱ ማዳበሪያን አይተካም። «ኖራ ስላደረግሁ ዘንድሮ ዳፕ አልገዛም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ማስረዳቱ ይከብደኛል (ዳፕ ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ነው)።

ሌላው ጥድፊያ ነው። ኖራ ቀስ ብሎ ይሠራል። ከመዝራት አንድ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር በእርሻ መደባለቅ አለበት። በዘር ቀን ላዩ ላይ ነስንሶ በኅዳር «ምንም አላመጣም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ኖራና ዩሪያ ባንድ ላይ አይበተኑም፤ ናይትሮጂኑ ተንኖ ይሄዳል።

ደግሞ ለሁሉም ማሳ አይደለም። ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ አሲድ አይችሉም፣ ኖራውን ይወዱታል። ድንች አሲዱን ይችላል፤ ኖራ ሲበዛበት እንዲያውም ልጣጩ ይቆሳስላል። ቢቸና ዙሪያ ያለው ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ደግሞ ችግሩ ውሃ መተኛት ነው። መፍትሔውም ማጠንፈፍ ነው፤ ኖራውን እዚያ መጫን ጉልበት መጨረስ ነው። ጎረቤት ወረዳ ስለሠራ ብቻ አይቅዱ።

ሁሉንም ምርጥ ዘር በአንድ ሕግ መያዝ

ዲቃላ በቆሎ በየዓመቱ ይገዛል። ከምርቱ ቆጥበው ቢዘሩት አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፣ ምርቱም የወረደ ይሆናል። ጤፍና ስንዴ ግን ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ ከባዕድ ዘር ከተጠበቁ ለጥቂት ዓመታት ቆጥቦ መዝራት ይቻላል። ቁንጮን የመሰለ የጤፍ ዝርያ በየዓመቱ ካልገዛሁ ብሎ መበደር አያስፈልግም።

ትልልቁን ድንች በልቶ ትንንሹን ለዘር ማስቀረት

ዘንገናና ጓሳ የተባሉት የድንች ዝርያዎች ከአዴት የወጡ ናቸው። ጥሩ ዝርያ ግን በመጥፎ ዘር ይዳከማል። ብዙ ጊዜ ትንንሽ ድንች የሚያፈራው ቫይረስ የያዘው ተክል ነው። እሱን ለዘር ማስቀረት በሽታውን በየዓመቱ አብሮ መትከል ነው። ተክሉ ገና አረንጓዴ ሳለ ጤናማዎቹን በእንጨት ምልክት ማድረግ፣ ዘሩንም ከነዚያ ብቻ ማስቀረት ይሻላል። ድንቹ ከተነቀለ በኋላ የትኛው ከየትኛው እንደመጣ ማን ያውቃል?

አንድ ዝርያ ላይ ሙጥኝ ማለት

ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ አንድ ሰሞን የሁሉም ምርጫ ነበር። በ2003 ምርት ዘመን ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ የፈንገስ በሽታ አገር ሲያዳርስ ክፉኛ ከተመቱት አንዱ እሱ ሆነ። ዝርያው አላረጀም። ዋጉ ነው የተለወጠው፤ አዲስ ዓይነት ዋግ ሲመጣ የድሮው መከላከያ አይሠራም። ስለዚህ ከተቻለ ማሳውን ለሁለት ዝርያ መክፈል ነው። ቅጠሉን ሲዳስሱት ጣት ላይ የሚቀር ቢጫ ወይም ቡናማ ዱቄት ካዩ በዚያው ቀን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይንገሩ። ቅጠሉን ይዘው ከሄዱ በወረቀት ጠቅልሉት፤ በፌስታል ሻግቶ ይደርሳል፣ ምን እንደነካውም አይለይም።