ከአንዲት ትንሽ ዜና ብዙ እንግሊዝኛ፦ ፈሊጥንና ቃላትን በቀላል ወሬ መማር

የእንግሊዝኛ ፈሊጣዊ አነጋገሮችን ለመማር የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዝርዝር ነው፤ ፈሊጡ በግራ፣ ፍቺው በቀኝ። ዝርዝሩ በሳምንት ይሸመደዳል፣ በወር ይረሳል፤ የቀረውም ቢሆን የት ቦታ እንደሚገባ ስለማይታወቅ ከአፍ አይወጣም። ለዓመታት እንግሊዝኛ ሳስተምር ያየሁት ግን ፈሊጥ ሥር የሚሰደው ከአንድ ታሪክ ጋር ተያይዞ ሲመጣ መሆኑን ነው። ለዚህ ደግሞ ከከባድ የፖለቲካ ሐተታ ይልቅ ስለ እንስሳ፣ ስለ ሩጫ፣ ስለ ምግብና ስለ አስገራሚ አጋጣሚ የሚጻፍ ቀለል ያለ ዜና ይበልጣል፤ ነገሩ በራሱ ግልጽ ስለሆነ የአንባቢው ጉልበት ሁሉ ለቋንቋው ይተርፋል።

የመጀመሪያው ሥራ ምርጫ ነው። ሁ እና ኔሽን የተባሉ የቃላት ትምህርት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት አንድ ሰው ጽሑፍን ያለ ረዳት በቅጡ እንዲረዳ ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ እንደሚያስፈልገው አመልክተዋል፤ ይህም ከመቶ ቃል እንግዳው ሁለት ብቻ ሲሆን ማለት ነው። ለጀማሪ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ማግኘት ይከብደዋል፤ ይሁን እንጂ ወሬውን አስቀድመው በአማርኛ ሰምተውት ከሆነ እንግዳ ቃላቱ በዛ ቢሉም ታሪኩ ራሱ ፍቺያቸውን ይጠቁማል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ስታሻሽል ዜናውን በአማርኛ ያልሰማ አልነበረም። ያንኑ ወሬ በእንግሊዝኛ ያነበበ ሰው «ብሬክ»፣ «ስማሽ» እና «ሻተር» የሚሉ ግሦችን ያገኛል። ሦስቱም ክብረ ወሰን መስበርን ይገልጻሉ፤ ነገር ግን «ብሬክ» ተራው ሰበረ ሲሆን፣ «ስማሽ» በኃይል መሰባበርን፣ «ሻተር» ደግሞ ብርጭቆ ወድቆ እንክትክት እንደሚለው ያለውን ያሳያል። ክብረ ወሰኑ በአንድ ሰከንድ ብቻ ተሻሽሎ ቢሆን ኖሮ «ሻተር» ማለት ማጋነን ይሆን ነበር። እንዲህ ያለውን የክብደት ልዩነት መዝገበ ቃላት ብዙም አያሳይም፤ ሩጫውን የሚያውቅ አንባቢ ግን ወዲያውኑ ይይዘዋል።

ለፍጹም ጀማሪ የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1959 የጀመረው፣ 1500 ያህል ቃላትን ብቻ በዝግታ እያነበበ ዜና ያቀርብበት የነበረው ዓይነት ሥርጭት ይጠቅማል። ሆኖም ቋንቋው ሆን ተብሎ የተቃለለ በመሆኑ ፈሊጥ እምብዛም አይገኝበትም፤ ስለዚህ በዚያ ላይ ረጅም ጊዜ መቆየት አልመክርም።

ወደ ርዕሰ ዜና ሲመጡ ደግሞ ሌላ ሰዋስው ይጠብቅዎታል። የአማርኛ ርዕስ ያለፈውን ነገር በኃላፊ ጊዜ «ያዘ»፣ «ገባ» እያለ ሲጽፍ፣ የእንግሊዝኛው በአሁን ጊዜ ግሥ ይጽፈዋል፤ ወደፊት የሚሆነውን ደግሞ «ቱ» በምትባለው ቃል ብቻ ያመለክታል። ትልቁ ወጥመድ ግን ከርዕሱ የሚጣሉት ቃላት ናቸው። ለምሳሌ «ካት ሪስኪውድ ፍሮም ሩፍ» የሚል ርዕስ ሲያዩ ጀማሪው ድመቱ አንድን ሰው ከጣራ ላይ ያዳነ ሊመስለው ይችላል፤ ነገሩ ግን ድመቱ ከጣራ ላይ መዳኑ ነው፤ «ዎዝ» የምትለዋ ረዳት ግሥ ስለተጣለች «አዳነ» እና «ዳነ» አንድ መልክ ያዙ። በርዕስ ላይ የሚዘወተሩ አጫጭር ቃላትም አሉ፦ «ቢድ» ለሙከራ፣ «አክስ» ለመሰረዝ ወይም ለማሰናበት፣ «ራው» ለጭቅጭቅ። የመጨረሻዋ በጽሑፍ ረድፍ ከሚለው «ሮው» ጋር አንድ ሆና በድምፅ ስለምትለይ ጮክ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል።

አሁን አንድ ወሬ ይዘን እስከ መጨረሻው እንጭመቀው። በለንደን፣ በዳውኒንግ ጎዳና ቁጥር 10፣ በብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር መኖሪያ ላሪ የሚባል ወንድ ድመት አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 15 ቀን 2011 ከባተርሲ የውሾችና የድመቶች ማቆያ መጥቶ ገባ፤ ከዴቪድ ካሜሮን ጀምሮ እስከ ኪር ስታርመር ድረስ ስድስት ጠቅላይ ሚኒስትሮችን አይቷል። የማዕረግ ስሙ «ቺፍ ማውዘር» ነው፤ ዋና አይጥ ያዥ እንደማለት። የመጀመሪያውን ቃል ያውቁታል፤ ሁለተኛው «ማውስ» ከሚለው የአይጥ ስም የወጣ ነው፤ ስለዚህ ያለ መዝገበ ቃላት ይፈታል። ላሪ ቀድሞ «ስትሬይ» ነበር፤ ባለቤት የሌለው፣ የባዘነ። ያው ቃል ከመንገድ ስለወጣ በግ፣ ከዒላማዋ ስለሳተች ጥይት፣ ከርዕሱ ስለራቀ ተናጋሪም ይነገራል። አንድ ቃል ከድመት ተነሥቶ እስከ ስብሰባ ይደርሳል ማለት ነው።

የመንግሥቱ ይፋዊ ድረ ገጽ የላሪን የሥራ ድርሻ ሲዘረዝር እንግዶችን መቀበል፣ የጸጥታ አጠባበቁን መፈተሽ፣ የጥንት የቤት ዕቃዎች ለሸለብታ መመቸታቸውን መሞከር ይላል፤ አይጦቹ በቤቱ ውስጥ ስላላቸው ይዞታ የሚወሰደው መፍትሔም ገና በስልታዊ ዕቅድ ደረጃ ላይ እንደሚገኝ ይገልጻል። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። «ኢንስፔክት»፣ «ኦኪዩፓንሲ»፣ «ታክቲካል ፕላኒንግ ስቴጅ» የሚሉት ሁሉ የቢሮና የጦር ሠራዊት ቃላት ናቸው፤ የሚስቀው አንባቢ የሚስቀው እነዚህ ከባድ ቃላት ለአንድ ድመት በመዋላቸው ነው። አይጥ አልያዘም ብሎ በግልጽ ከመናገር ይልቅ ጉዳዩ በዕቅድ ላይ ነው ማለት እኛም በየመሥሪያ ቤቱ የምንሰማው አነጋገር ስለሆነ ይገባናል። ተማሪዎቼ ይህን ሲያነቡ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስለ ቃሉ ትርጉም ሳይሆን፣ ጸሐፊው ከልቡ ነው ወይስ እየቀለደ ነው የሚለውን ነው፤ ለዛውን ያልለየ ሰው ቃሉን ቢያውቅም ቋንቋውን አላገኘውም።

ከዚያ የወሬውን ዘመዶች ይሰብስቡ። «ካት ናፕ» ሸለብታ ነው። «ሌት ዘ ካት አውት ኦቭ ዘ ባግ» ድመቱን ከከረጢት መልቀቅ ይመስላል፤ ፍቺው ግን ሳይታሰብ ምስጢር ማውጣት ነው። አማርኛችን ደግሞ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይላል፤ እንግሊዝኛው ይህንኑ ሐሳብ የሚናገረው በነብር ነው፤ ነብር ዝንጉርጉርነቱን አይለውጥም ይላል። የዚህ አነጋገር ምንጭ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 13 ቁጥር 23 ላይ ሲሆን፣ ጥቅሱ ኢትዮጵያዊ መልኩን፣ ነብርም ዝንጉርጉርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን ብሎ የሚጠይቀው ነው። እኛ ሙሉውን ስናስታውስ እንግሊዝኛው ነብሩን ብቻ ይዞ ቀርቷል፤ ይህን ያወቀ አበሻ ያን ፈሊጥ ዳግም አይረሳውም።

ፈሊጥን ከፈሊጥ ማዛመድ ያለብን በሐሳብ ነው እንጂ በቃል አይደለም። ከመጥበሻው ወጥቶ እሳት ውስጥ ገባ የሚለው የእንግሊዝኛ አባባል የእኛው «ከድጡ ወደ ማጡ» ነው። ፈረሱ ከሸሸ በኋላ የጋጣውን በር መዝጋት የሚለው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። በእንቡጡ ቅጠፈው የሚለው ደግሞ «ሳይቃጠል በቅጠል»። በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ከሥራቸውም ፈሊጡን ያገኙበትን ዜና በአንድ መስመር ያስፍሩ።

የፈሊጦችን አመጣጥ የሚተርኩ አጫጭር ጽሑፎችም እጅግ ጠቃሚ ናቸው፤ ጥንቃቄ ግን ይሻሉ። የሌላውን ነጎድጓድ መስረቅ ማለት አንድ ሰው ሊመሰገንበት የነበረውን ነገር ቀድሞ መንጠቅ ሲሆን፣ ታሪኩ ወደ ጆን ዴኒስ ይወስደናል። ይህ ጸሐፌ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1709 ለንደን ውስጥ ለራሱ ቴአትር አዲስ የነጎድጓድ ድምፅ ማሰሚያ ሠራ፤ ቴአትሩ ሳይወደድ ቀርቶ ከመድረክ ቢወርድም ነጎድጓዱ በሌላ ተውኔት ላይ ሲያገለግል ሰምቶ ነጎድጓዴን ሰረቁኝ ብሎ እንደተቆጣ ይነገራል። በአንጻሩ ኃይለኛ ዝናብን ድመትና ውሻ ዘነበ የሚለው አባባል የመጣው በድሮ ዘመን እንስሳት ከሣር ክዳን ጣራ ላይ እየተንሸራተቱ ስለሚወድቁ ነው የሚለው ተረት፣ በስፋት ቢወራም ማስረጃ የለውም። ስለዚህ አመጣጡን ለማስታወሻነት ይጠቀሙበት እንጂ በታሪክነት ለሌላ ከማስተላለፍዎ በፊት በታመነ መዝገበ ቃላት ያረጋግጡ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቦታን አለመለየት ነው። «ኪክ ዘ በኬት» መሞትን የሚገልጽ የጨዋታ አነጋገር ነው። አንዲት ተማሪዬ ይህን ከዝርዝር ሸምድዳ፣ አባቱ ለሞተበት የውጭ አገር የሥራ ባልደረባዋ በጻፈችው የማጽናኛ ደብዳቤ ላይ ልትጠቀምበት ስትል ደረስኩላት። የጻፈችው ከልቧ አዝና ነበር፤ ቃሉ ግን ኀዘንተኛውን ያቆስለው ነበር። ፈሊጡን በዜና ውስጥ አግኝታው ቢሆን ኖሮ ከማን አፍ፣ ስለ ምን እንደወጣ ታይ ነበር። ስለዚህ በደብተሩ ላይ ከእያንዳንዱ ፈሊጥ አጠገብ ለወዳጅ፣ ለሥራ፣ ለደብዳቤ ወይም ለጨዋታ ብቻ ብለው ምልክት ያድርጉ። ያልተረጋገጠውን መስማት እንጂ መናገር አይገባም።

ለመከለስ ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ጥናት መሠረት ይሆናል፤ የተሸመደደ ነገር አብዛኛው ገና በመጀመሪያው ቀን እንደሚጠፋ፣ ጊዜን እያራራቁ መደጋገም ግን እንደሚያቆየው አሳይቷል። እኔ የማዘው በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱና በወሩ ነው። በትንሽ ካርድ ፊት ላይ የአማርኛውን ሁኔታ፣ ለምሳሌ «እኅቴ የሰርጉን ምስጢር ሳታስበው አወጣችው» ብለው ይጻፉ፤ በጀርባው የእንግሊዝኛው ፈሊጥ ይሁን። ከአማርኛው ወደ እንግሊዝኛው መሄድ ከባድ ነው፤ ንግግር ላይ የሚያስፈልገው ግን እሱ ነው።

በሳምንት ከሁለት ዜና በላይ አይያዙ። ሳምንቱ ሲያልቅ ጽሑፉን አስቀምጠው ወሬውን በእንግሊዝኛ ለአንድ ሰው ይተርኩ፤ ሰው ከሌለ በስልክዎ ድምፅዎን ይቅዱ። ሲተርኩ የተደናቀፉበትን ቃል ብቻ መልሰው ዜናው ውስጥ ይፈልጉት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ካርድ የሚጻፍለት ያ ቃል ነው።