ከደሴ ሳይነሱ የሚበላሽ ጉዞ፦ ለእረፍት ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እህቴ ኢስታንቡልን ለማየት ሁለት ዓመት ቆጥባለች። ትኬቷ «ረቡዕ 02:40» ይላል። ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቦሌ ደረስን። መመዝገቢያው ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አየችው፤ ቀኑን በእስክሪብቶ ከበበችና ወደ እኛ አዙራ «ይሄ እኮ ትናንት ሌሊት ሄዷል» አለችን። እህቴ ምንም አላለችም። ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች።

የትኬቱን ሰዓት በእኛ ቀን ማንበብ

እኛ ዘንድ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውንም ሰዓት «ማክሰኞ ሌሊት» እያልን ለማክሰኞ እንሰጠዋለን። ትኬት ላይ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ቀኑ ረቡዕ ሆኗል። ስለዚህ «ረቡዕ 02:40» ማለት ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8:40 ነው። ከበረራው 3 ሰዓት ቀድሞ ለመገኘት ማክሰኞ ማታ 5:40 ሳይሞላ ቦሌ መድረስ ያስፈልጋል። ብዙ አየር መንገዶች ለውጭ በረራ መመዝገቢያውን የሚዘጉት መነሻው 60 ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ከዚያ በኋላ ልመና አይሠራም።

ትኬትዎ ላይ ሰዓቱ በ00፣ በ01፣ በ02 ወይም በ03 ከጀመረ፣ ከቤት የሚወጡበትን ምሽት በአማርኛ በትልቁ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ለቤተሰቡም ሁሉ ይንገሩ። የመመለሻውንም እንዲሁ።

የወሩ ስህተት የዚሁ ወንድም ነው። ዲሴምበርን «ታኅሣሥ» ብለን እንተረጉመዋለን፤ ዲሴምበር 10 ግን አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 1 ነው። በዚህ ትርጉም ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ የጠየቀ ሰው ዘጠኝ ቀን ተዛብቶበታል።

በበረራው ቀን ከደሴ መነሳት

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐረጎን ወርዶ፣ ኮምቦልቻን፣ ከሚሴንና ሸዋ ሮቢትን አልፎ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር መውጣት አለ። እዚያ ጉም ከወረደ ወይም አንድ ተሳቢ መንገድ ከዘጋ የቀኑ ሐሳብ አበቃ። ቢያንስ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ይደሩ፤ ዘመድ የሚፈለገው ለዚህም ነው። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን የሚሄዱም ቢሆኑ፣ ሁለቱን ትኬቶች ለየብቻ ከገዙ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቅዎትም።

አደራን ሳይፈቱ መቀበል

ይህ ለወሎ ሰው ከባዱ ነው። «ውጭ ሊሄድ ነው» ከተባለ በዋዜማው ቡና ላይ የማይመጣ ጎረቤት የለም፤ እያንዳንዱም አንድ ነገር በእጁ ይዞ ይመጣል። እምቢ ማለት ነውር ይመስለናል።

አንድ ጊዜ ወደ ዱባይ ስሄድ ጎረቤታችን እማማ ለልጃቸው በጣሳ ቅቤ አመጡ። «እማማ፣ አብረን እናሽገው» አልኳቸውና ክዳኑን ፊታቸው ከፈትኩት። ከቅቤው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ስም የሌለው እንክብል ነበር። «ለራስ ምታቷ ነው ልጄ፣ ያሽላታል» አሉኝ። ክፋት የለበትም፤ የእናት ሐሳብ ነው። ነገር ግን የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ አንዳንድ ከባድ የሕመም ማስታገሻዎችን ቀድሞ ፈቃድ ካልወጣላቸው አታስገባም፤ የተገኘበትም ሰው ይጠየቃል። ተጠያቂው ደግሞ ሻንጣውን የያዘው ነው። እንክብሉን መልሼ ሰጠኋቸው። እሳቸውም አልተቀየሙም፤ «አላህ ያግራልህ» ብለው መረቁኝ።

ስለዚህ ማንኛውንም አደራ ባለቤቱ ፊት ይፍቱ፣ አብረው ያሽጉ። ማርና ቅቤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሚይዝ ዕቃ በእጅ ሻንጣ አይገቡም፤ ፍተሻው ላይ ይወሰዳሉ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ቅቤም ቋንጣም በየትኛውም ሻንጣ ክልክል ነው። ጫት እንግሊዝ ውስጥ ከ2014 ጀምሮ ሕገ ወጥ ሆኗል (በፈረንጆቹ አቆጣጠር)፤ አሜሪካም አይፈቀድም። በርበሬውን፣ ሽሮውንና ቆሎውን በደንብ አሽገው ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ያድርጉት። ፓወር ባንክ ግን በተቃራኒው ነው፤ በእጅ ሻንጣ ብቻ።

ስምን በስልክ ማስመዝገብ

ሰይድ፣ መሐመድ፣ ኢብራሂም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፉ ያስቡ። ትኬት ቆራጩ በስልክ የሰማውን ይጽፋል፤ አየር መንገዱ የሚያየው ግን ፓስፖርቱን ነው። የፓስፖርቱን ፎቶ ይላኩለት፤ ትኬቱ ሲመጣም ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። እግረ መንገድዎን ፓስፖርቱ የሚያበቃበትን ቀን ይዩ፤ ብዙ አገሮች ገና ስድስት ወር እንዲቀረው ይፈልጋሉ።

«እዚያ አልወርድም፣ ማለፊያ ብቻ ነው» ማለት

በርካሽ የተገኘ ትኬት በፍራንክፈርት ወይም በፓሪስ በኩል ካለፈ ይጠንቀቁ። ኢትዮጵያውያን በሸንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የማለፊያ ቪዛ ከሚጠየቁት ውስጥ ናቸው። የሸንገን፣ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ በእጁ ያለ ሰው ግን ይተርፋል። ይህን ሳያውቁ ቦሌ ላይ የሚመለሱ ሰዎች ገንዘባቸውም እረፍታቸውም ይቀራል።

ታይላንድ ወይም ህንድ የሚሄዱ ከሆነ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃሉ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት አይሆንም። አንዴ የተሰጠ ካርድ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

የእህቴ ትኬት የማይመለስ ስለነበር ሌላ ገዛች። አዲሱ «ዓርብ 01:15» ይላል። ሐሙስ ማታ ዒሻ ሰግደን ከአክስታችን ቤት ወጣን፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ ቦሌ ሰልፉ ውስጥ ነበርን።