ቤተሰቧ ለጠፋባት ጓደኛችሁ ምን ታደርጋላችሁ? (ጀርመን ለገባችሁ)

አንድን ነገር ደጋግሞ መመለስ ስለሰለቸኝ አንዴ ልጻፈው። ሃይም (የስደተኞች መኖሪያ) ውስጥ አብረዋችሁ ከሚኖሩት መካከል ወገኑ የጠፋበት ሰው አይታጣም። ሊቢያ የቀረ ባል፣ በየመን በኩል ሳዑዲ ለመግባት ወጥቶ ድምፁ የጠፋ ወንድም፣ በጦርነቱ ስልክ ሲቋረጥ የት እንደደረሱ ያልታወቁ እናት።

መጀመሪያ አፋችሁን ሰብስቡ። ጀልባ ሰጠመ የሚል ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ስላያችሁ ብቻ ሽማግሌ ሰብስባችሁ በሌሊት መርዶ ልትነግሩ አትሂዱ። አብሮት የነበረ፣ በዓይኑ ያየ ሰው ከሌለ መርዶ የለም። «በሕይወት አለ፣ በህልሜ አይቼዋለሁ» የምትሉትም ያው ናችሁ። ፍታትም ሆነ ሰደቃ ቤተሰቡ ሲፈልግ የሚደረግ ነው እንጂ የማኅበር ኮሚቴ በድምፅ ብልጫ የሚወስነው አይደለም። ቡና አፍልታችሁ አብራችኋት ቁጭ በሉ። ስለ እሱ ስታወሩ «ምን ይወዳል?» በሉ፤ «ይወድ ነበር» አትበሉ። በዓል ሲመጣ ደግሞ ብቻዋን አትተዉአት።

ፍለጋው የሚጀመረው ከቀይ መስቀል ነው። የጀርመን ቀይ መስቀል ዙክዲንስት የሚባል የፍለጋ ክፍል አለው። በነጻ ነው፤ የሚያመለክተው ግን የቤተሰብ አባል ራሱ ነው። የምትናገሩት ያለ ፈቃዳችሁ ለባምፍ (የጥገኝነት ጉዳያችሁን ለሚያየው መሥሪያ ቤት) አይተላለፍም፣ ስለዚህ እዚያ ተቀምጣችሁ ታሪክ አታሳምሩ። ልጁ ጣሊያን ሲገባ ኤርትራዊ ነኝ ብሎ፣ ዕድሜ ቀንሶ፣ የአያቱን ስም አስቀድሞ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። የምታውቁትን ስም ሁሉ ስጡ፣ የቤት ስሙንም ጭምር። «ጸጋዬ» በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አስቡት። የልደት ዓመቱን በኛ አቆጣጠር ከሆነ የምታውቁት፣ በኛ መሆኑን ተናገሩ፤ አለዚያ ሰባት ስምንት ዓመት የሚበልጠው ሰው ይፈለግላችኋል።

ትሬስ ዘ ፌስ የሚባል የፎቶ ገጽም አላቸው። እዚያ የሚለጠፈው የፈላጊዋ ፎቶ ነው፣ የጠፋው ሰው አይደለም። «ወንድሜን እፈልጋለሁ» ይላል፣ ስም የለበትም። ለምን እንደዚያ እንዳደረጉት እኔ የገባኝ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው።

የጎረቤቴን ወንድም ፎቶ ከሙሉ ስሙና ከእሷ ስልክ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፍንላት። ወዲያው ተደወለ። «ልጁ ሊቢያ፣ በኒ ወሊድ ከተማ፣ እኛ እጅ ነው» አሉ። የእናቱን ስም ያውቃሉ፣ የተማረበትን ትምህርት ቤት ያውቃሉ። ከጀርባ አንድ ልጅ ሲጮህ አሰሙን፣ እሷም ድምፁ ነው አለች። ማን ነው በዚያ ሰዓት አይደለም የሚላት? ገንዘብ አሰባሰብንና በሐዋላ ላክን። ጨምሩ አሉ፣ ጨመርን። ከዚያ ስልኩ ዝግ ሆነ። ያወሩት ሁሉ ልጁ ራሱ ፌስቡኩ ላይ የጻፈው ነበር። በእውነት የታገተ ሰውም ስላለ ስልክ አታንሱ አልላችሁም። ግን ሳንቲም ከመውጣቱ በፊት ኢንተርኔት ላይ የሌለ ነገር ጠይቁ፤ የቤቱን ውሻ ስም፣ አያቱ ምን ብላ እንደምትጠራው። «አሁን ማውራት አይችልም» ካሉ መልሱን ጠይቀውት ያምጡ። ስልክ ቁጥር ደግሞ በምንም ዓይነት አደባባይ ላይ አትለጥፉ።

ርካሽ ኢንተርኔት አገኘሁ ብላችሁ በየወሩ ሲም የምትቀይሩ ልጆች፣ እባካችሁ! እስር ቤት ያለ ሰው ስልኩን ቀምተውታል፣ ያለው በቃሉ የያዘው ቁጥር ብቻ ነው። የድሮው ሲም ካልተሞላ ይዘጋል፣ ስለዚህ ትንሽም ብትሆን ሙሉት።

ዓመታት ካለፉ ምን ዋጋ አለው የሚለኝ ሰው ያበሳጨኛል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ላምፔዱዛ አጠገብ በሰጠመችው ጀልባ ከ360 በላይ ሰው አለቀ፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ሚላን ያሉት ፕሮፌሰር ክርስቲና ካታኔዮና ባልደረቦቻቸው ከዘመድ በመጣ ፎቶና ዲኤንኤ የሟቾችን ማንነት ሲለዩ ቆይተዋል፣ ከዓመታት በኋላም ጭምር። ጥርሱ የሚታይበት፣ የሳቀበት ፎቶ ካለ አታጥፉት። ጠባሳና ንቅሳቱንም ጻፉ።

ስለ ቢሮክራሲው፦ ጆብሴንተር (የመንግሥት ድጎማ የሚከፍላችሁ ቢሮ) ለቅሶ የሚባል ነገር አያውቅም። ጭራሽ ሬሳ የሌለበትን ለቅሶ! እንቅልፍ አጥታ የቋንቋ ኮርስ ከቀረች ከሐኪም የክራንክሽራይቡንግ (የሕመም ፈቃድ) ወረቀት ታምጣ፣ አለዚያ ገንዘቧን ይቆርጡባታል። ከስደተኞች ጋር የሚሠሩ የሥነ ልቦና ማዕከላት አሉ። ወረፋቸው ረጅም ስለሆነ ዛሬውኑ አስመዝግቧት። አስተርጓሚ ሲሰጧት ሰውየው የከተማችሁ ሐበሻ ከሆነና ካልተመቻት ይቀየርልኝ ማለት ትችላለች፣ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ከሃይም ወደ ሌላ ከተማ ስትዛወር ደግሞ አዲሱን አድራሻ ለዙክዲንስት ታሳውቅ። ከተማው የሚያውቀው በአንሜልዱንግ (በአድራሻ ምዝገባ) ነው፣ ቀይ መስቀል ግን የሚያውቀው እሷ ስትነግረው ብቻ ነው።