ለልጆች የገና ዛፍ ጌጥ ስንጠልፍ፦ ችግርና መፍትሄ

እዚህ የምናነሳው በካንቫስ ላይ የሚጠለፍ፣ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ኮከብ ወይም ደወል ነው። ካንቫሱ ባለ 18 (በ2.54 ሴንቲ ሜትር 18 ቀዳዳ ያለው)፣ ክሩ ስድስት ዘለላ ያለው የጥጥ ክር፣ መርፌው ደግሞ ጫፉ ዱልዱም የሆነ 22 ቁጥር። 7 በ7 የሆነ ጌጥ 2,500 ያህል ስፌት ይፈልጋል። ለታኅሣሥ 29 የሚደርሰው ኅዳር ላይ ከተጀመረ ነው።

ካንቫሱ ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። ስፌቱ ሁሉ ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ ያዘመመ ስለሆነ፣ ረድፍ በረድፍ ከጎን ወደ ጎን ሲጠለፍ ክሩ ካንቫሱን ወደዚያው ይስበዋል። እጅ ሲጠብቅማ ይባስ ይጣመማል። በምስሉ ዙሪያ ያለውን ቀለም በሰያፍ ጥለፉት፤ ወደ ላይ ስትወጡ መርፌው ከጀርባ በኩል ሁለት የካንቫስ ክር በአግድም ይለፍ፣ ወደ ታች ስትወርዱ ሁለቱን በቁም ይለፍ። ጀርባው እንደ ሰሌን ከተጠላለፈ ልክ ነው። ሥራውን የምታቋርጡት መስመሩ መሃል ላይ ይሁን፤ ስትመለሱ አቅጣጫው አይጠፋችሁም። ሁለት መስመር በአንድ አቅጣጫ ከተከታተለ ፊቱ ላይ ሰንበር ይወጣል።

ተጣሞ ያለቀውን በውሃ አርጥባችሁ፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ሳንቃ ላይ ወጥራችሁ፣ በማይዝግ ስፒል በየ2 ሴንቲ ሜትሩ ያዙትና እስኪደርቅ አትንኩት። አንድ ቀን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። ከማርጠባችሁ በፊት ግን እርጥብ ነጭ ጥጥ ቀዩ ክር ላይ ተጭናችሁ እዩ። ጥጡ ከቀላ ውሃ አታስነኩት፤ ነጩ በረዶ ሮዝ ሆኖ ይቀራል። ቀይ ክር ከመጠለፉ በፊት፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ በቀዝቃዛ ውሃ ቢታጠብ ይሻላል።

በስፌቱ መሃል ካንቫሱ ይታያል

ክሩ ቀጥኗል ወይም ተጠምዟል። መጀመሪያ መርፌውን ልቀቁትና ይንጠልጠል፣ ክሩ ራሱ ይፈታል። ስድስቱን ዘለላ አንድ በአንድ ለያይቶ እንደገና ማዋሃድም ስፌቱን ይሞላዋል። ካንቫሱ ባለ 13 ከሆነ ግን ይህ ክር አይበቃውም፤ ወፍራም የሱፍ ክር ያስፈልገዋል።

ክሩ ይሳሳል፣ ይበጠሳል

ረዝሟል። 45 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

ነጩ ላይ ጥቁር ጥላ ወጣ

ጥቁሩ ክር በነጩ ጀርባ ተሻግሯል። ከጀርባ ቆርጣችሁ አውጡት፣ ጫፉንም በራሱ ቀለም ስር ደብቁት።

ጥልፉ ከገበሩ ጋር ሲሰፋ ጠርዙ ላይ ባዶ ካንቫስ ቀረ

ከንድፉ ውጭ ሁለት ረድፍ ጨምሮ መጥለፍ ይገባ ነበር። አሁን ዙሪያውን የተገመደ ክር በመስፋት ይሸፈናል። የኮከቡ ማዕዘን ከተጨማደደ ትርፉን ካንቫስ ሙጫ ቀቡና፣ ሲደርቅ ጥልፉ ሁለት ክር እስኪቀረው በመቀስ ሰንጥቁት።

ቁልፉ ወይም ዶቃው ላላ

ለትልቅ ልጅ ከሆነ በድርብ ክር መልሳችሁ ስፉት። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን አንሱት፣ ወደ አፉ ገብቶ ሊያንቀው ይችላል። ጌጡ ላይ በግ ካለ ዓይኑን በክር ቋጠሮ ሥሩ። ማንጠልጠያውም የልጁ ጭንቅላት የማይገባበት አጭር ቀለበት ይሁን፤ ሁለቱም ጫፉ በጥልፉና በገበሩ መካከል ገብቶ ይሰፋ።